የሎዌል ፋብሪካ ሴቶች፦ ደመወዙ ባለበት ቆሞ ሥራው እንዴት እጥፍ ሆነ

በ1820 በአሜሪካ ከቦስተን በስተሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የመሪማክ ወንዝ በፓታኬት ፏፏቴ 10 ሜትር ያህል ቁልቁል በሚወርድበት ስፍራ የነበረው እርሻና ጥቂት የገበሬ ቤት ብቻ ነው። በ1836 በዚያው ቦታ ሎዌል የተባለ ከተማ ተቆርቁሮ ስምንት ትልልቅ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያዎች ከ6,000 በላይ ሠራተኞች ያሠሩ ነበር። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከ15 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው፣ ከኒው ሃምፕሻየር፣ ከቨርሞንት፣ ከሜይንና ከማሳቹሴትስ ገጠር የመጡ ያላገቡ ሴቶች ናቸው። በአገሩ ታሪክ ሴቶች በዚህ ብዛት ከቤት ርቀው በጥሬ ገንዘብ ደመወዝ ሲቀጠሩ የመጀመሪያው ነው። ሎዌል ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ንጹሕ መኝታ ቤቱ ወይም ስለ ሥራ ማቆም አድማው ነው። እዚህ የምንከተለው ግን ሁለቱንም የሚያያይዘውን ሒሳብ ነው፤ አንዲት ሴት ስንት ማሽን ይዛ፣ በምን ፍጥነት፣ ለስንት ሳንቲም ትሠራ ነበር? ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ በእኛ ነው።

ከጥጥ እስር እስከ ጣቃ

የከተማው ስም የተወሰደው ከቦስተኑ ነጋዴ ከፍራንሲስ ካቦት ሎዌል ነው። ይህ ሰው ከ1810 እስከ 1812 እንግሊዝ አገር ተቀምጦ የሽመና ማሽኖችን ሲሠሩ ተመለከተ። የማሽን ንድፍ ከእንግሊዝ ማውጣት በሕግ የተከለከለ ስለነበር ያየውን በአእምሮው ይዞ ተመለሰና፣ ፖል ሙዲ ከሚባል የማሽን ባለሙያ ጋር በ1814 በቦስተን አቅራቢያ ባለችው ዎልተም ላይ የሚሠራ የሽመና ማሽን አቆመ። በዎልተም አዲስ የነበረው፣ ታስሮ የመጣ ጥጥ በአንድ በር ገብቶ በሌላው በር ጣቃ ጨርቅ ሆኖ እንዲወጣ ሥራው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰቡ ነው። ሎዌል በ1817 ሞተ። ሸሪኮቹ በፏፏቴው አጠገብ ያለውን መሬትና ቦይ ገዝተው የመሪማክ ኩባንያን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ጨርቅ በ1823 ወጣ፤ ቦታውም በ1826 ራሱን የቻለ ከተማ ሆነ።

ኃይሉ ውሃ ነው። በቦይ የመጣው ውሃ ከሕንፃው ሥር ያለውን ትልቅ መዘውር ያዞራል። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ይህን ኃይል ወደ ላይ የሚያደርሱት በብረት ጥርስ ነበር፤ ሎዌል ውስጥ ግን ሙዲ ከ1828 ጀምሮ ሰፋፊ የቆዳ ቺንጋ ተጠቀመ። ቺንጋው በየፎቁ ጣሪያ ሥር የተዘረጋውን ረጅም ሻፍት ያዞራል፤ ከሻፍቱ ደግሞ ወደ እያንዳንዱ ማሽን አንድ አንድ ቺንጋ ይወርዳል። ሠራተኛዋ እጀታውን ስባ ማሽኗን ማቆም ትችላለች፤ ፍጥነቱን ግን መወሰን አትችልም። ፍጥነቱን የሚወስነው የፑሊው (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ስፋትና ከታች ያለው መዘውር ነው። ፑሊ ከተቀየረ መቶ ማሽን በአንድ ጊዜ ይፈጥናል፤ እሷ ጋ የሚደርሰው ዜና ክሩ ቶሎ ቶሎ መበጠሱ ብቻ ነው። የኋለኛው ጠብ ሥሩ እዚህ ላይ ስለሆነ ይህ ይያዝልን።

የእሳት ፍራቻ ስላለ ጥጡ የሚነደፈው ለብቻው በቆመ ቤት ነው፤ ሥራውም የወንዶች ነው። ወደ ዋናው ሕንፃ ሲገባ መጀመሪያ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ በርከት ያለ የባዘቶ ገመድ አንድ ላይ ተደርቦ ይሳባል፤ ይህ የሚደረገው አንዱ ጋ የሳሳው በሌላው እንዲሟላና ውፍረቱ እኩል እንዲሆን ነው። ለስለስ ብሎ ከተገመደ በኋላ ወደ መፍተያው ክፍል ይወጣል። ፈታይዋ በተደረደሩ እንዝርቶች መካከል እየተመላለሰች የተበጠሰውን ትቀጥላለች፣ ያለቀውን ትተካለች። ከ10 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች ደግሞ የሞላውን ቦቢን (የክር መጠቅለያ) አውርደው ባዶውን ይሰቅላሉ። የልጆቹ ሥራ በየሰዓቱ 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከፋብሪካው የሚወጡት ግን ከትልልቆቹ እኩል ነው።

ድሩ ከመሸመኑ በፊት በስታርች ይቀባል፤ እንደ እኛ ሸማኔዎች ሁሉ፣ ያልተቀባ ድር በሰበቃ ይላላና ይበጠሳል። ክፍሉ ስታርቹን ለማድረቅ ስለሚሞቅ ከባድ ነው፤ ክፍያው ግን ከብዙዎቹ ይሻላል። ቀጥሎ እያንዳንዱን የድር ክር በቀጭን መንጠቆ በየቀለበቱ ማሳለፍ አለ። ቁጭ ተብሎ፣ በጸጥታ፣ በመስኮት ብርሃን የሚሠራ በመሆኑ ብዙዎች የሚመኙት ቦታ ይህ ነበር።

የሽመናው ክፍል ሌላ ዓለም ነው። ማግ የያዘው ቀሰም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሸማኔዋ እጀታውን ትስባለች፣ መወርወሪያውን ታወጣለች፣ ባዶውን ቀሰም አንሥታ ሙሉውን ታስገባለች፤ ከዚያ አፏን መወርወሪያው ቀዳዳ ላይ አድርጋ ክሩን በትንፋሿ ስባ ታወጣለች፣ ትመልሳለች፣ ታስነሳለች። በዚያች ትንፋሽ ብናኝና የስታርች አቧራ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ያው መወርወሪያ ከአፍ ወደ አፍ ስለሚተላለፍ የአንዷ ሕመም ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ድር ሲበጠስ ደግሞ የያኔው ማሽን በራሱ አይቆምም። ዓይኗን ከጨርቁ ካነሳች ስንጥቅ ያለበት ክንድ ሙሉ ጨርቅ ይወጣና ከክፍያዋ ይቀነሳል።

መስኮቶቹ በበጋም አይከፈቱም፤ ብዙ ቦታ በምስማር ተመትተዋል። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው፦ የጥጥ ክር እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፣ በደረቅ አየር ግን ይሰባበራል። ስለዚህ ክፍሉ በእንፋሎት እንዲረጥብ ይደረጋል። ለክሩ የተመቸው አየር ለሰው ሳንባ የማይመች መሆኑን አለቆቹም ሐኪሞቹም ያውቁ ነበር። የተመረጠው ክሩ ነው።

ጥጡ የሚመጣው ባሮች ከሚለቅሙበት ከአሜሪካ ደቡብ ነው። ከሚሸመነው ወፍራም ጨርቅ ከፊሉ ተመልሶ ለእነዚያው ባሮች ልብስ ይሸጥ ነበር። ሌላው በማሳቹሴትሷ የወደብ ከተማ በሴለም ነጋዴዎች መርከብ ዛንዚባር ደርሶ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይዘረጋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ይገባ የነበረው ያልነጣ አቡጀዲም በብዛት የአሜሪካ ሥሪት ነበር።

ውሉና ቤቱ

እነዚህ ሴቶች ረሃብ ያባረራቸው አልነበሩም። አብዛኞቹ መካከለኛ ኑሮ ካላቸው ገበሬዎች የተወለዱ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ናቸው። የራሴ ገንዘብ ይኑረኝ ብላ የመጣች፣ ለጋብቻዋ የምታጠራቅም፣ ለቤተሰቡ ዕዳ የምትልክ ነበረች። ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ በመካከልም ወደ አገር ቤት ተመላልሰው፣ ይሄዳሉ። ኩባንያዎቹም የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ የሚለወጥ እንጂ ሥር የሚሰድ ሠራተኛ አልፈለጉም።

አዲስ ገቢዋ የምትመጣው ብዙ ጊዜ እህት ወይም የአጎት ልጅ ቀድማት ገብታ ነው። መጀመሪያ በቀን ክፍያ ተጠባባቂ ትሆናለች፤ ከለመደች ሴት ጎን ቆማ ትማራለች፣ የቀረችውን ትተካለች። የራሷን ማሽን ስታገኝ ክፍያዋ በሠራችው ልክ ይሆናል። ሥራውን የሚያስተምር አለቃ አልነበረም፤ ያስተማሯት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከዚያም ከእነሱው ጋር ትበላለች፣ ከእነሱው ጋር ትተኛለች።

ውሉ ለ12 ወር ያስራል። ለመልቀቅ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ይህን ያላሟላች የመልካም መሰናበቻ ወረቀት አታገኝም፤ ስሟም ወደ ሌሎቹ ኩባንያዎች ይተላለፋል። ኩባንያዎቹ የተለያየ ስም ይኑራቸው እንጂ ባለድርሻዎቻቸው በአብዛኛው አንድ ሰዎች ስለነበሩ፣ ከአንዱ የተባረረች ሌላው በር ላይ ብትቆም ዋጋ የለውም።

መኝታ ቤቱ የኩባንያው ነው። በአንዱ ቤት ከ25 እስከ 40 ሴቶች ይኖራሉ፤ በአንድ ክፍል ከአራት እስከ ስምንት፣ በአንድ አልጋ ሁለት። የምታስተዳድረው ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይዘጋል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግዴታ ነው። ይህ ሥርዓት ልጁን ከቤት ለማያስወጣ የገጠር አባት የተሰጠ ዋስትና ነበር፤ ያለ እሱ አንዲትም ልጅ አትላክም። ችግሩ፣ ቀጣሪና አከራይ አንድ ሲሆኑ ሥራ ያጣች በዚያው ቀን ማደሪያም ታጣለች።

በ1836 የአንዲት ሴት ክፍያ በአማካይ በቀን 60 ሳንቲም ነበር፤ በሳምንት ስድስት ቀን 3 ዶላር ከ60 ይሆናል። ለምግብና ለማደሪያ 1 ዶላር ከ25 ሲቆረጥ በእጇ የሚቀረው 2 ዶላር ከ35 ነው። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት በቤት ሠራተኝነት ወይም በመምህርነት ይህን አታገኝም። የክፍል አለቆቹ ሁሉም ወንዶች ሲሆኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ይከፈላቸው ነበር።

በበጋ የመጀመሪያው ደወል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይደወላል። ሥራው 11 ሰዓት ተጀምሮ ምሽት 1 ሰዓት ያበቃል። ከእነዚህ 14 ሰዓታት ለቁርስ ግማሽ ሰዓት፣ ለምሳ 45 ደቂቃ ሲወጣ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀራል። በምግብ ሰዓት ወደ ቤት መሄጃውና መመለሻው ከዚያው ግማሽ ሰዓት ላይ ስለሚቆረጥ የሚበላው በጥድፊያ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ብርሃን ስለሚያጥር በመብራት ይሠራል።

ሁለት አድማዎች፣ ሁለት ውጤቶች

በየካቲት 1834 ኩባንያዎቹ ከመጋቢት ጀምሮ ክፍያ 15 በመቶ ያህል እንደሚቀነስ አስታወቁ። ሴቶቹ በየክፍሉ ስብሰባ ጀመሩ። የአንድ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ አስተባባሪዋን ጠርቶ አሰናበታት። ከቢሮው ስትወጣ ኮፍያዋን አንሥታ አወዛወዘች፤ በመስኮት ይጠባበቁ የነበሩት ሥራቸውን ጥለው ወጥተው ከበቧት። ወዲያው 800 ያህል ሴቶች በከተማው ተሰልፈው ሄዱ። ባንክ ያስቀመጡትንም ገንዘብ ማውጣት ጀመሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን አድማው ከሸፈ፤ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ሄዱ፣ ሌሎቹ በተቀነሰው ክፍያ ተመለሱ።

የከሸፈው በድፍረት ማነስ አይደለም። በ1834 ጨርቅ በመጋዘን ተከማችቶ ዋጋው ወርዶ ነበር፤ ፋብሪካው አንድ ሳምንት ቢቆም ባለቤቶቹን አይጎዳም። የወጡትም ከሴት ሠራተኞቹ አንድ ስድስተኛ ብቻ ናቸው።

በጥቅምት 1836 ሁኔታው ተገልብጦ ነበር። ገበያው ደርቷል፣ ሠራተኛ ጠፍቷል። የምግብ ዋጋ በመናሩ ለቤት አስተዳዳሪዎቹ ተጨማሪ ክፍያ ሲወሰን፣ በሳምንት 12 ሳንቲም ተኩል ከሴቶቹ እንዲቆረጥ ተደረገ። ከ2 ዶላር ከ35 ላይ ሲታይ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ1834ቱ ቅነሳ በጣም ያንሳል። የወጡት ግን ከ1,500 እስከ 2,000 ደረሱ፤ ማኅበርም አቋቋሙ፤ አድማው ለወራት ቆየ። ጥጡ ከክፍል ወደ ክፍል እየተላለፈ ስለሚሠራ አንዱ ክፍል ሲጎድል የቀሩት ይደክማሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ከኩባንያዎቹ ከፊሎቹ ጭማሪውን ለማንሣት ተገደዱ። ሴቶቹ የሚሄዱበት የአባት ቤት ስላላቸው መጠበቅ ይችላሉ፤ ለሥርዓቱ ርካሽ ያደረጋቸው ያው የገጠር ቤት አሁን ጉልበት ሆናቸው።

አራተኛው ማሽን

በ1837 የገንዘብ ቀውስ መጣና ኩባንያዎቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ከዚያ ወዲያ ዋናው ነገር ግልጽ ቅነሳ ሳይሆን ጫና ነው። አካሄዱ ሦስት እግር አለው። አንደኛ፣ የማሽኑ ፍጥነት ይጨመራል። ሁለተኛ፣ ለአንዷ የሚሰጠው ማሽን ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት ይወጣል። ሦስተኛ፣ የክፍል አለቆች ከሥራቸው ካሉት ሴቶች ብዙ ጨርቅ ሲያወጡ ጉርሻ ያገኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ማሽን ሲጨመር ፍጥነቱ ዝግ ይደረግና፣ እጅ ሲለምድ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ሒሳቡን ለማሳየት ያህል በምሳሌ ቁጥር እንየው። አንዲት ሸማኔ በሦስት ማሽን በሳምንት 12 ጣቃ አውጥታ፣ በጣቃ 25 ሳንቲም 3 ዶላር ታገኛለች እንበል። አራተኛው ሲጨመር 16 ጣቃ ይጠበቃል፤ አንዱን ስታስተካክል ሌላው ቆሞ ስለሚጠብቅ ግን 15 ይወጣል። በ25 ሳንቲም ቢሆን 3 ዶላር ከ75 ነው። ታዲያ ብዙ አገኛችሁ ተብሎ ዋጋው 20 ሳንቲም ይደረጋል፤ እንደገና 3 ዶላር። ሩብ ያህል ተጨማሪ ጨርቅ ሠርታ ያንኑ ገንዘብ ይዛ ትገባለች። ከሎዌል ኩባንያዎች አንዱ በሆነው በሃሚልተን ኩባንያ ከ1840 እስከ 1854 ባለው ጊዜ የሴቶቹ የሥራ ጫና እጥፍ ያህል ሲያድግ ክፍያቸው እምብዛም አልተነቃነቀም።

በ1844 መጨረሻ ሳራ ባግሌይና ጓደኞቿ የሴት ሠራተኞችን የለውጥ ማኅበር አቋቋሙ። ባግሌይ ለዓመታት ሸማኔ የነበረች፣ ከሥራ በኋላም ሌሎች ሴቶችን ማታ ማታ በነፃ ታስተምር የነበረች ናት። ጥያቄያቸው የቀን ሥራ በሕግ 10 ሰዓት እንዲሆን ነው። ከ2,000 በላይ ፊርማ ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት ቀረበ፤ በየካቲት 1845 ኮሚቴ ተሰይሞ ምስክር ሰማ።

ኤሊዛ ሄሚንግዌይ የሰጠችው ቃል ከሁሉ ጎልቶ ይታያል። የምትሠራበት ክፍል ውስጥ 130 ያህል ሴቶች፣ 11 ወንዶችና ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 12 ልጆች አሉ። በማታ ሥራ 293 ትንንሽና 61 ትልልቅ የዘይት መብራት ይበራል፤ አንዳንዴም ጠዋት። እንደ እሷ ግምት ከክፍሉ በሕመም የሚቀሩት ከስድስት ያነሱበት ቀን የለም፤ እስከ 30 ሲደርሱም አይታለች። መስኮት ተዘግቶ 354 መብራት የሚነድበትን ክፍል አየር ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የሎዌሉ ተወካይ ዊልያም ሹለር ነበር። ውሳኔው ሕግ አያስፈልግም የሚል ሆነ፤ የሥራ ሰዓት ሠራተኛውና ቀጣሪው ተዋውለው የሚጨርሱት ነው ተባለ። ውሉ 12 ወር የሚያስር፣ ያፈረሰችው በየበሩ የምትዘጋበት መሆኑን ላየ ሰው ይህ መልስ እጅግ ያሳዝናል። ሴቶቹ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ ሹለር እንዳይመለስ ግን በይፋ ቀሰቀሱ፤ በኅዳር 1845 ምርጫም ተሸነፈ።

በ1846 ከሎዌል ፋብሪካዎች አንዱ የሆነው፣ የማሳቹሴትስ ኩባንያ የሚባለው፣ ሸማኔዎችን አራት ማሽን ያዙ፣ ለጣቃውም አንድ ሳንቲም ይቀነስ አለ። ሴቶቹ ሰልፍ አልወጡም፣ ሥራም አላቆሙም። በሦስት ማሽን የምናገኘው የጣቃ ዋጋ ካልተከፈለን አራተኛውን አንይዝም የሚል ቃል ኪዳን ጽፈው ከሞላ ጎደል ሁሉም ፈረሙ፤ ኩባንያውም ዕቅዱን ሰረዘ። የሎዌል ሴቶች ካደረጉት ሁሉ በጥበብ ይህን የሚስተካከል ያለ አይመስለንም፤ ጠቡን ከገንዘብ ብቻ አውጥተው በማሽን ቁጥርና በጣቃ ዋጋ መካከል ያለውን ማሰሪያ ያዙት። እምቢ ማለት ብቻ ስለሆነ መባረርን የሚጋብዝ የውል ጥሰት እንኳ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ከማሳቹሴትስ ከተሰበሰበው 10,000 ያህል ፊርማ 4,000ው የሎዌል ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን አሁንም እምቢ አለ። ባግሌይ በዚያ ዓመት የሎዌል ቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነች። ኩባንያዎቹም ከዚያ በኋላ ሌላ ሠራተኛ አገኙ። አየርላንድ በድንች በሽታ በተራበች ጊዜ የመጡ ስደተኞች የሚመለሱበት እርሻ አልነበራቸውም። በ1836 በሃሚልተን ኩባንያ የውጭ ተወላጆች ከ4 በመቶ ያነሱ ነበሩ፤ በ1860 ከ60 በመቶ በላይ ሆኑ። የገጠሯ ልጅ ጫናው ሲበዛባት ትታ ትሄድ ነበር፤ አየርላንዳዊቷ ግን የቤተሰቧ እንጀራ ስለሆነች አራተኛውን ማሽን ትይዛለች። በዚያው ዘመን መኝታ ቤቶቹም ቀስ በቀስ ቀሩ፤ ቤተሰብ ሆነው የመጡት በየሠፈሩ ተከራዩ።

ኩባንያዎቹ ከጎረቤት ፉክክርና ከማያባራው አቤቱታ የተነሣ በ1847 ግማሽ ሰዓት ቀነሱ፤ በ1853 የቀኑን ሥራ ወደ 11 ሰዓት አወረዱ። ማሳቹሴትስ ለሴቶችና ለልጆች የ10 ሰዓት ሕግ ያወጣው በ1874 ነው፤ የባግሌይ ማኅበር ከተመሠረተ ከ30 ዓመት በኋላ። ሕጉም ሲወጣ ቀጣሪው የሚቀጣው ሆን ብሎ መጣሱ ከተረጋገጠ ብቻ ስለነበር ማስቀጣት አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1879 ነው።